ሕመሜን ተዉልኝ

ሲስተር ባንቺዓለም የነገውን የቀዶ ሕክምና ተራ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እያነበበች አራተኛው ስም ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ቄስ ገብረ ዮሐንስ አድማሴ፣ ዕድሜ 63፣ ከነአኩቶ ለአብ፣ የወገብ ዲስክ» ይላል። ትታው ሄደች። ኮሪደሩ መጨረሻ ከደረሰች በኋላ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ ተመለሰችና እንደገና አነበበችው። ያው ነው።

ላሊበላ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ሆና ስትሠራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚያ ሳምንት ዶክተር ሐምዳን የሚባል የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ለአምስት ቀን በነፃ ሊያክም ከደሴ መጥቶ ስለነበር ግቢው ወገቡን በያዘ ሰው ተሞልቷል። በበቅሎ የመጣ አለ፣ በሰው ጀርባ የመጣ አለ፣ ቀና ብሎ ሰማይ ካየ ዓመታት ያለፉት ገበሬ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ባንቺዓለም ልትሸሸው የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ቄስ ገብረ ዮሐንስን የምታውቃቸው አንድ ጊዜ፣ ያውም በመስኮት አይታቸው ነው። ልጃቸውን ግን ራሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ነገሩ የሆነው በጦርነቱ ወራት ነው። ሆስፒታሉ ተዘርፎ ፍራሽ እንኳ አልቀረለትም፤ ሠራተኛውም ተበትኗል። ባንቺዓለም እናቷ ታመው ተኝተው ስለነበር መሸሽ አልቻለችም። እሷ፣ ቀዶ ሕክምና የሚችል አንድ ጤና መኮንንና አንድ ዘበኛ ብቻ ቀርተው በየጠዋቱ እየመጡ ባዶውን ቤት ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ከዘረፋው ያተረፈችው አንድ ብልቃጥ ማደንዘዣ ነበራት፤ በጀርባ የሚወጋ፣ ከወገብ በታች ያለውን ሰውነት የሚያደነዝዝ። ማንም እንዳያገኘው በመቀነቷ ቋጥራ ይዛው ትውላለች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ገበሬዎች አንድ ወጣት በቃሬዛ ይዘው መጡ። ከጋሸና ሲመለስ መንገድ ላይ የፈነዳ ነገር ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አድቅቆታል። ደሳለ ገብረ ዮሐንስ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጤና መኮንኑ እግሩን አየና «ካልተቆረጠ አያድርም» አለ። ባንቺዓለም ከቃሬዛው አጠገብ ተንበርክካ «አይዞህ፣ መድኃኒት አለኝ። ምንም አይሰማህም» አለችው። ልጁ አመናት። ጥርሱን ነክሶ ያጨማደደው ፊቱ ሲላላ፣ ትንፋሹ ሲረጋ አይታለች። እንዲያውም ስሟን ጠየቃት።

መጋዙ በብረት ድስት እየተቀቀለ ሳለ ከሙጃ በኩል አንዲት ወላድ ደረሰች። ሁለት ቀን አምጣለች፤ የጽንሱ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ሆዷ ካልተከፈተ ሁለቱም መሞታቸው ነው፤ ሆድ ደግሞ ያለ ማደንዘዣ አይከፈትም። እግር ግን ይቆረጣል፤ በጥንት ጊዜም ሲቆረጥ ኖሯል። መድኃኒቱ ለሁለት ቢካፈል ለአንዳቸውም አይሆንም። ጤና መኮንኑ ባንቺዓለምን አያት። ብልቃጡ ያለው በእሷ መቀነት ውስጥ ነው። ፈታችውና ለወላዷ ሰጠች።

ደሳለን አራት ሰዎች ተጭነው ያዙት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁ ድምፅ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ አልወጣም። ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፤ አዲስ አልጋና አዲስ መብራት ገብቶለታል። ድምፁ ግን አለ። ሁልጊዜ አይመጣም። እጇን ታጥባ ቧንቧውን ስትዘጋ፣ ውኃው ጸጥ ሲል፣ ከውኃው ሥር ተደብቆ የቆየ ይመስል ብቅ ይላል። መጀመሪያ ረጅም ጩኸት፣ ቀጥሎ ቃል። ለንስሐ አባቷ ብትነግራቸው ጸበል ግቢ አሏት፤ ሁለት ሱባዔ ተጠመቀች። ስትመለስ ድምፁ ቀድሟት ገብቶ ጠበቃት። እብድ እንዳይሏት ለሌላ ሰው አልተናገረችም፤ ቧንቧውን ግን ጥርቅም አድርጋ መዝጋት ተወች። ባልደረቦቿ ውኃ ታባክኛለሽ እያሉ ይቆጧት ነበር።

ልጁ ቁስሉ አመርቅዞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቱ የደረሱት እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ባንቺዓለም ባዶው መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተደብቃ፣ ቄሱ አንሶላውን ከልጃቸው ፊት ላይ ሲገልጡ በመስኮት አየች። ሬሳውን ያስረከባቸው ዘበኛው ነው። እሷ ልትወጣ ሁለት ጊዜ የበሩን እጀታ ይዛ ነበር፤ አልወጣችም።

ሦስት ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ አባትየው በእግራቸው መጥተው ከእሷ እጅ ሊገቡ ነው።

ታካሚን በዋዜማው ማነጋገር የሥራዋ ግዴታ ነበርና ሄደች። ቄስ ገብረ ዮሐንስ አልጋቸው አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መቀመጥ አይችሉም፤ ሲቀመጡ ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ በግራ እግራቸው እስከ አውራ ጣታቸው እንደ እሳት ይወርዳል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው የሻረግ ከሥራቸው ተንበርክካ ጎንበስ ማለት ለማይችሉት አባቷ ጫማ ታስራለች።

ባንቺዓለም ማንነቷን ሳትናገር ስለ ሥራው ብቻ ጀመረች። ነገ ሙሉ በሙሉ እንደሚተኙ፣ ዶክተሩ ነርቩን የተጫነውን የዲስክ ቁራጭ እንደሚያወጣ፣ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ነገረቻቸው። «ሲጨርስ፣ ቁስሉን ከመስፋቱ በፊት በዙሪያው ባለው ሥጋ ውስጥ ሌላ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል። ይኸኛው ቶሎ አይለቅም፣ አባ። ዶክተሩ ይዞት የመጣው ነው። ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ስለሆነ ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሦስት ቀን ይቆያል። ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፤ ግን ክፉውን ሕመም ያሳልፍልዎታል። በማግሥቱ ተነሥተው ይራመዳሉ።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «የመጀመሪያውን አድርጊ» አሉ። «ተኝቼ ሳለ የምታደርጉትን አላውቅም፤ እሱ የእናንተ ነው። ሁለተኛውን ግን አልፈልግም። ስነቃ ሕመሜን ተዉልኝ።»

«አባዬ!» አለች የሻረግ ብድግ ብላ።

«ለምን፣ አባ?» አለች ባንቺዓለም። መልሱን ሳትሰማው ታውቀው ነበር።

«ልጄ እግሩ የተቆረጠው እዚህ ቤት ነው። ያለ ምንም። ወደ ጋሸና የላክሁት እኔ ነኝ፤ ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ አልቆብን ነበር። ‹አባዬ፣ መንገዱ ደግ አይደለም ይላሉ› አለኝ። ‹የእግዚአብሔርን ሥራ ይዘህ ምን ትሆናለህ› ብዬ ሰደድሁት።» መቋሚያውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከዚያ ወዲህ ስግደት አበዛሁ፤ ወገቤ የተጎዳውም በዚያ ነው አሉኝ። ግን ስግደት ሌላ፣ የመጋዝ ስለት ሌላ። እሱ የቀመሰውን እኔም አንድ ጊዜ ልቅመሰው። እዚያ ውስጥ ባገኘው ነው።»

የሻረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሳቁን አውቀዋለሁ» አሉ ቄሱ ቀጥለው። «ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ድጓ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደጮኸ ግን አላውቅም። ቀንም ቆሜ፣ ቅዳሴም ገብቼ እሱን ነው የማዳምጠው። አይመጣልኝም።»

ባንቺዓለም ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። በኋላ ልታነበው ብትሞክር የራሷ ጽሕፈት አልነበብ አላት።

ዶክተር ሐምዳን ነገሩን ሰምቶ መጣ። በዕድሜ ከባንቺዓለም የሚያንስ፣ እየተናገረ ሰው ዓይን ውስጥ የሚያይ ሐኪም ነው። «አባ፣ አስም አለብዎ» አለ። «ቁስሉ ሲያምዎ ትንፋሽዎ ያጥራል፤ ማሳል ካልቻሉ ሳንባዎ ይታመማል። ጠንካራውን ማስታገሻ በደም ሥር እንዳልሰጥዎ እሱ ራሱ ትንፋሽ ያደክማል። ይህ መርፌ የሚሻልዎ ለዚያ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

«እንግዲያስ በግድ አልሰጥም። ሐሳብዎን ከለወጡ ግን በማንኛውም ሰዓት ያስጠሩኝ። ኢንሻአላህ በሰላም እንጨርሳለን።»

«አሜን» አሉ ቄሱ።

ባንቺዓለም ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ የሻረግ ተከትላት መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «ሲስተር፣ ተኝተው ሳለ ስጧቸው። ማን ይነግራቸዋል?»

«አልፈቀዱም እኮ፣ እኅቴ።»

«እሳቸው ለራሳቸው ብቻ ነው የሚያስቡት። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ከአባቴ ጋር የምትነጋገረው ስለ ከብትና ስለ እህል ብቻ ነው። ሁለቱ እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው፤ ግን ቤቱ ሰው የለበትም። አሁን እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ምን ልሆን ነው?» አለቀሰች።

ባንቺዓለም አላደርገውም አለቻት። ለራሷ ግን እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበራትም። ተኝቶ ላለ ሰው አንድ መርፌ ምን ነውር አለው? ማንስ ያውቃል? ደግሞም ለአንዱ የነፈገችውን ለሌላው ብትሰጥ ዕዳዋ የሚቀልላት መስሎ ታያት። ይህን ስታስብ ራሷን ፈራች። ሕመሙ የቄሱ ነው እንጂ የእሷ መክፈያ አይደለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቄሱ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ቆመው የሠርክ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ አገኘቻቸው። እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«አባ፣ ልጅዎ ሲቆረጥ እኔ ነበርሁ።»

ቄሱ ዘወር አላሉም።

«መድኃኒት አልነበረም ብለው ነው የነገሩዎት። ነበር። አንድ ብልቃጥ ነበረኝ። ለእሱ ልሰጠው ቃል ገብቼለት ነበር። ከዚያ ወላድ መጣችና ለእሷ ሰጠኋት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። መቀነቱን፣ ድስቱን፣ አራቱን ሰዎች፣ የተደበቀችበትን ክፍል። ስትጨርስ ግቢው ጨልሞ ብርሃኑ አሸተን ተራራ አናት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ሴትዮዋስ?» አሉ ቄሱ።

«በሦስተኛው ቀን ዘመዶቿ ወደ ሙጃ ወሰዷት። ሕፃኑም ነፍስ ነበረው። ከዚያ ወዲህ አላውቅም።»

«አልጠየቅሽም?»

«ሞተው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የምትፈራውን ጠየቋት፤ «ምን አለ?»

«ይቅርብዎ፣ አባ።»

«ቄስ ነኝ። የስንቱን የመጨረሻ ቃል ሰምቻለሁ። ምን አለ?»

«ለእኔ ‹ሲስተር፣ አለኝ ብለሽ ነበር› አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላየም። ‹አባዬ፣ ለምን ላክኸኝ› አለ። እስኪደክም ድረስ እሱኑ ነበር የሚለው።»

«‹ላክኸኝ› ነው ያለው? ‹ላኩኝ› አላለም?»

«‹ላክኸኝ› ነው ያለው።»

«አፉን ከፈታ ጀምሮ አንቱ ነበር የሚለኝ» አሉ ቄሱ።

መቋሚያቸው ላይ ሁለቱን እጃቸውን አነባብረው ግንባራቸውን አሳረፉበት። ባንቺዓለም የሚወድቁ መስሏት ቀረብ ስትል እጃቸውን አንሥተው ከለከሏት። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ ይፍቱኝ አለቻቸው።

«እንደ ቄስ እግዚአብሔር ይፍታሽ እላለሁ» አሉ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሯን እየዳሰሱ። «እንደ አባት ግን ገና ነኝ። እሱን አልዋሽሽም።» ትንሽ ቆይተው «ነገ የምታስተኚኝ አንቺ ነሽ?» አሉ።

«ካልፈለጉ ሌላ ሰው አለ።»

«አንቺው ሁኚ። መርፌውን ግን አልፈልግም። አሁንማ ይልቁን።»

በማግሥቱ አስተኛቻቸው። ዓይናቸው ከመከደኑ በፊት ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዩ። ሥራው ያለ ችግር ሄደ። ዶክተር ሐምዳን ነርቩ ላይ ተለጥፎ የነበረውን ቁራጭ አውጥቶ ከጥፍር ብዙም የማይበልጠውን ነገር ትሪው ላይ አስቀመጠው። ያን ረጅም ሰው ሲያቃጥል የኖረው ያ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ባንቺዓለምን አያት። መድኃኒቱ እጇ ላይ ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ወተት የመሰለ ፈሳሽ። ዛሬ ብልቃጡ አለ፤ የሚሻማው ሰው የለም፤ የሚያስፈልገው ሰው ከፊቷ ተኝቷል።

«ሲስተር?» አለ ዶክተሩ።

«አልፈቀዱም» አለች።  ዶክተሩ መስፋት ጀመረ፤ እሷም ብልቃጡን ሳትከፍተው ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው።

ቄስ ገብረ ዮሐንስ ሲነቁ አልጮኹም። በጎናቸው ተኝተው የአልጋውን ብረት ጨበጡ። የተሰጣቸው ቀላል ማስታገሻ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት አለፈ። ላባቸው ትራሱን አራሰው፤ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ትንፋሻቸው እያጠረ፣ እየተቆራረጠ መጣ። ጣታቸው ላይ የተደረገው የኦክስጅን መለኪያ መጀመሪያ ዘጠና አራት ይል ነበር፤ ዘጠና አንድ አለ፤ ሰማንያ ዘጠኝ አለ። ኦክስጅን ተደረገላቸው። የሻረግ እግራቸውን ይዛ «አባዬ፣ በወንድሜ ሞት» እያለች ትለምናለች። ራሳቸውን በእምቢታ ይወዘውዛሉ።

ባንቺዓለም ማየት አቃታት። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ገብታ ውኃ ከፈተች፤ እጇን ታጠበች፤ ፊቷን ታጠበች። ሳታስበው ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ድምፁ መጣ።

ግድግዳውን ተደግፋ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ እንደ ሁልጊዜው። ነገር ግን በበሩ በኩል አንዲት ነርስ ስትሮጥ አየች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው። ያኔ ደነገጠች። በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ድምፅ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው ሰምቶት አያውቅም።

ሮጣ ስትደርስ ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጮኻሉ። መነሻው ያው ነው፤ መሐል ላይ የሚሰበርበት ያው፤ መጨረሻው ላይ ቀጥኖ የሕፃን ድምፅ የሚሆነው ያው። ባንቺዓለም በሩ ላይ ቆማ ለአፍታ አልጋው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠፋባት። ከዚያ ገብታ ተንበረከከችና ራሳቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባ! ይበቃል? ልስጥዎ?»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ይበቃል» አሉ። «ስጪኝ።»

ዶክተር ሐምዳን ብዙም አልዘገየም። በአልትራሳውንድ እያየ ከቁስሉ ግራና ቀኝ፣ ከጀርባቸው ጡንቻ ሥር ወጋቸው፤ ፈጥኖ የሚሠራውን ማደንዘዣ ቆይቶ ከሚሠራው ጋር አብሮ። መርፌውን የሞላችው፣ ብልቃጡን በብርሃን አንሥታ ስሙን ሁለት ጊዜ ያነበበችው ባንቺዓለም ናት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ቄሱ የጨበጡትን ብረት ለቀቁ። ጣቶቻቸው ላይ የብረቱ ጠርዝ ታትሞ ቀርቷል። ትንፋሻቸው ረዘመ። «አባ፣ ያስሉልኝ» አላቸው ዶክተሩ፤ አሳሉ፤ ደግመው አሳሉ። ቁጥሩ ዘጠና አምስት ሲደርስ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ሲነቁ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሻረግ ሻይ ልታመጣ ወጥታ ባንቺዓለም ብቻ አጠገባቸው ነበረች።

«ፈለግሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ውስጥ የለም። እኔ ብቻ ነበርሁ። ሕመም ለካ ሁለት ሰው አያስገባም።»

ባንቺዓለም ዝም ልትል ይገባት ይሆናል። አልቻለችም። «ነበረ፣ አባ» አለች። «ሲጮኹ የወጣው የእሱ ድምፅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ አልሳሳትም። እንዲህ ነበር የጮኸው።»

ቄሱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «እንግዲያ ሰማሁት» አሉ። እንባቸው በጆሮ ግንዳቸው በኩል ወርዶ ትራሱ ውስጥ ገባ። ወገባቸውን ግን ምንም አላመማቸውም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነበር።

በማግሥቱ በሁለት ሰው ተደግፈው ኮሪደሩን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን መርፌው እየለቀቀ ሲመጣ ቁስሉ ጠዘጠዛቸው፤ ግን በክኒን የሚቻል ነበር። እግራቸው ላይ ይወርድ የነበረው እሳት ጠፍቷል። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ዶክተር ሐምዳንም ወደ ደሴ ተመለሰ።

ለጥቂት ቀናት ክፍሉ ጸጥ አለ። ባንቺዓለም ቧንቧውን ትዘጋለች፤ ትጠብቃለች፤ ምንም የለም። ተገላገልሁ ልትል ስትል በሌላው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አሁን የሚለየው የአባትየው ይሁን የልጁ ማወቅ አለመቻሏ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የሻረግ ደወለችላት። «የደሳለን ሙት ዓመት እናወጣለን። አባቴ እሷ ሳትመጣ አይሆንም ብለዋል።» ባንቺዓለም እመጣለሁ አለች።

ከነአኩቶ ለአብ ከፍ ብሎ ካለው ቤታቸው ስትደርስ ቀሳውስቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ማዕድ ላይ ነበር። ቄስ ገብረ ዮሐንስ ቆመው ተቀበሏት፤ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። ለተቀመጠው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ልጄን በዚያ ሰዓት ራሱን የያዘችው ይህች ናት» አሉ። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ባንቺዓለም መሬት ብትውጣት በወደደች።

ከጓዳው በር አጠገብ መደብ ላይ የተቀመጡት የልጁ እናት ወይዘሮ አሰለች ነበሩ። አጭር ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አሁንም እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። «አንቱ፣ እንግዳዋን ወዲህ ይላኩልኝ» አሉ ባላቸውን። ባንቺዓለም ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወይዘሮ አሰለች እጇን ይዘው መዳፏን ገለበጡና አዩት።

«በዚህ ነው የያዝሽው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ምን አለ?»

ቄሱ በሩ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲነጋገሩ ነበር። ንግግራቸው ተቋረጠ። ባንቺዓለም ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። እንዲህ በዪ ያላት የለም፤ እንዲህ አትበዪ ያላትም የለም።

«‹እማዬ› አለ» አለች። «እርስዎን ነበር የሚጠራው።»

ወይዘሮ አሰለች ፊቷን አተኩረው አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ልጄ እማዬ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «አስሉ ነበር የሚለኝ። ለእኔ አዝነሽ ነው፤ ገብቶኛል። አሁን እውነቱን ንገሪኝ።»

 ቄስ ገብረ ዮሐንስ ከበሩ ተነሥተው መጡ። እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ከሚስታቸው ጎን መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ልንገርሽ» አሉ። «‹አባዬ፣ ለምን ላክኸኝ› ነው ያለው። እስኪደክም ይህንኑ ነው ያለው።»

ወይዘሮ አሰለች ወደ ባላቸው አልዞሩም። የባንቺዓለምን እጅም አልለቀቁም።

«እኔስ» አሉ፣ «ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ምን ስልህ የኖርሁ መሰለህ? አፌን አልከፈትሁም እንጂ። ለምን ላክኸው?»

 የሻረግ በኋላ እንደነገረቻት ቀድሞ እናቷ ወደዚህ ነገር ልትቀርብ ስትል አባቷ ስግደት አለብኝ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጡ ነበር። ያን ቀን አልተነሡም። ሚስታቸው እያለቀሱ፣ እየደጋገሙ እየጠየቁ፣ አንድ ጊዜም ዘቢቡን ስሙን ጠርተው እየረገሙ ሳሉ ተቀምጠው ሰሙ። እንግዳው አንድ በአንድ እየተሰናበተ ወጣ። ባንቺዓለምም ልትነሣ ስትል ወይዘሮ አሰለች እጇን ሳብ አድርገው አስቀመጧት።

«አንቺ የት ትሄጃለሽ?» አሏት። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ሲያመጡት ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ሳይቀር።»

ባንቺዓለም አንድ ጊዜ ቄሱን አየችና ጀመረች።